ለካሜራ ያለቀስሁት ለቅሶ

ከማዶ ተረተር የመጣው ድምፅ የገደል ማሚቶ አልነበረም። ማሚቶ የላኩለትን ቃል ብቻ ነው የሚመልስ። ይሄ ግን እኔ ያላልሁትን ጨመረ። «እህቱስ? አራሷስ? ለሷ ማን ይነግራታል?» አለ፣ በአገውኛ፣ የሴት ድምፅ ነው፣ ደረት ሲመታም ይሰማል።

እኔ ከደጄ ላይ፣ ከመሬት ተቀምጫለሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሻለሁ። ጉንጬ የተነጨ እንዲመስል ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ካሜራው በሦስት እግሩ ከፊቴ ቆሟል። ከአጠገቡ የቀረፃ ሰዎቹ አዛዥ፣ ባለኮፍያው ልጅ፣ እጁን እያራገበ «ይቀጥሉ እማማ፣ ይቀጥሉ» ይለኛል። ጆሮውን በጥቁር ነገር የደፈነው ድምፅ ቀጂ ፊቱ በርቷል።

«ማሚቶውን ሰማኸው? እንዴት ያምራል» አለው ባለኮፍያውን።

ለቅሶዬን አቆምሁ። የሠራሁት ሥራ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

በኛ አገር ጎህ ሲቀድ እሪ ከተባለ መርዶ ነው። መርዶ ቀትር ላይ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ከደጅ ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል፣ ሰማዩ ነጣ ሲል በሩን ይመታል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ከአንድ ቤት እሪታ የሰማ ሰው «ምን ሆነው ይሆን» አይልም። «ማን ሞተ» ነው የሚል። ማን እንደሞተም እኔው ነግሬአቸዋለሁ፤ የወንዱ ልጄን ስም እየጠራሁ ነበራ የማለቅስ።

ልጄ ግን ሞተ ያለኝ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው የመጣ። ከሰፈራችን በታች ያለው ጤና ኬላ የሚሠራ አንድ የጎጃም ሰው ነበር። እኛ ሐኪሙ እንለዋለን። አንድ ቀን ከቤቴ መጣና «ከአዲስ አበባ ሰዎች ሊመጡ ነው፣ የአጎበር ማስታወቂያ ሊሠሩ። ልጇን ወባ የገደለባት እናት ይፈልጋሉ» አለኝ።

«ወባ የገደለብኝ ልጅ የለኝም።»

«የእውነት አይደለም እናቴ። ለማስመሰል ነው። ፊትዎ ሐዘን ያውቃል ብዬ ነው።»

«ለሙሽራ አይሆንም ይሄ ፊት?» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ተናገረ፤ እሱን ባይናገር እምቢ እለው ነበር። ይሄ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ጣራ ላይ ሳህን የሰቀለ ሁሉ ዐረብ አገር ሆኖ ያየዋል አለኝ።

ወንዱ ልጄ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሳውዲ ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር። አብረውት የሄዱት ልጆች ለየቤታቸው ቃል ልከዋል። የኔ ምንም አልላከ። ባሕሩ ላይ ጀልባ ተገለበጠ የሚል ወሬ ሰቆጣ ገበያ ላይ ሰምቼ፣ እንዳልሰማሁ ሆኜ ጨው ገዝቼ የተመለስሁ ሴት ነኝ። እና «ልጄ ያየኛል» አልሁ። መኖሬን ያውቅና ይጽፍልኛል አልሁ። በምን ሁኔታ እንደሚያየኝ አላሰብሁም። የራሱን ስም እየጠራሁ ደረቴን ስመታ ሊያይ እንደሚችል፣ እንዲህ ያለው ነገር በጭራሽ አልመጣልኝም።

ሰዎቹ በሁለት መኪና መጡ። አንድ ስመ ጥር ዘፋኝም ከእነሱ ጋር ነበር። ቴፕ ያለው ቤት ሁሉ የሱን ካሴት ያውቃል፤ ወንዱ ልጄም ከመሄዱ በፊት ሪቡኑ እስኪላላ አጫውቶታል። በዓይን ሳየው ካሰብሁት አጠር ያለ ሰው ነው። ሥራውም ቀላል መስሎኝ ነበር። ከቤቴ በላይ ካለው ቁልቁለት ወርዶ ይመጣል፣ እኔን ከመሬት ያነሣኛል፣ ወደ ካሜራው ዞሮ «ሌላ እናት እንዳታለቅስ» ይላል፣ አጎበሩን ይዘረጋል። በቃ። ያቺን ቁልቁለት ግን ከረፋድ እስከ ማታ አወረዱት። አንዴ ፍየል ገባች ይሉታል። አንዴ ደመና አለፈ ይሉታል። በወረደ ቁጥር አንዱ እየሮጠ ጫማውን ይጠርግለታል፣ ፊት የምትቀባው ሴት ላቡን ታደርቅለታለች፣ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ሰፈሩ በሙሉ ከካሜራው ጀርባ ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ ያያል። አንዱ ሽማግሌ «ይሄ ሰውዬ የጠፋበት ነገር አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

የኔ ለቅሶ ግን እምቢ አለ። ቀቢዋ ዓይኔ ውስጥ ጠብታ ጨመረችልኝ፣ አቃጠለኝ፣ እንባም ወረደ። ባለኮፍያው ግን «እንባው አለ፣ ሐዘኑ የለም» አለ። ዘፋኙ ሊያነሣኝ ጎንበስ ሲል፣ በዱቄት የነጣ ፊቱን ሳይ ሳቄ ይመጣል።

«እማማ፣ እኔን ያየ ሁሉ ያለቅሳል፣ እርስዎ ይስቃሉ» አለኝ ዘፋኙ።

«የሚያለቅሱት ስትዘፍን ይሆናል» አልሁት። እሱ ራሱ ነው ቀድሞ የሳቀ።

ባለኮፍያው ሰማዩን አየና «ብርሃኑም አልሆነም። ነገ ጎህ ሲቀድ እንሠራዋለን» አለ።

እዚህ ላይ ነበር ማወቅ የነበረብኝ። ጎህ ሲቀድ ሲለኝ መርዶ ትዝ አለኝ። ግን የሰፈሬ ሰው ሁሉ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል ብዬ ተውሁት። ያ ቀን የሰቆጣ ገበያ መሆኑን ረሳሁ። ወደ ቆላው፣ ወደ ዝቋላ የሚመለስ ገበያተኛ ከማዶው ተረተር ሥር ነው የሚያድር፣ ጎህ ሲቀድ ነው ጭነቱን የሚያነሣ። ይሄን መንገድ ስሄድበት የኖርሁ ሰው ነኝ። ረሳሁት።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሱኝ። ቀቢዋ ጉንጬን በቀይ ቀለም ነጨችው፤ በመስታወት ሳየው እኔው ደነገጥሁ። ባለኮፍያው ከፊቴ ቁጢጥ ብሎ፣ ቀስ ባለ አነጋገር፣ «እማማ፣ ልጅ አለዎት?» አለኝ።

«አለኝ።»

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው።»

«እሱን ያስቡት። የቀረ እንደሆነ ያስቡ።»

ዓመት ሙሉ አላስብም ያልሁትን ነው ያዘዘኝ። አሰብሁት። ባሕሩን አሰብሁ፤ አይቼው አላውቅም፣ ግን አየሁት። ከዚያ በኋላ ማን ካሜራ እንዳለ፣ ማን እንደቆመ አላውቅም። ስሙን ጠራሁ፣ የሙት ስም እንደሚጠራ አድርጌ ጠራሁት። ከካሜራው ጀርባ ቆሎ ሲቆረጥም ከነበረው ሰፈር ሁለት ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አድርገው ነበር አሉ። ከዚያ ነው ከማዶ የተመለሰልኝ። ድምፁን አወቅሁት፤ የሴቷ ልጄ ባል አክስት ነች፣ ከገበያ ስትመለስ።

ሴቷ ልጄ ያገባችው ዝቋላ ነው፣ ከጽጽቃ ወዲህ። ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ያለፈው ወሊዷ ላይ ደም ፈሷት፣ ሦስት ቀን ሰው ሳትለይ ከርማለች። በቃሬዛ ነው ተሸክመን ያወጣናት። ሐኪሙ ያን ጊዜ «ይቺ ልጅ ድንጋጤ አይንካት» ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ ባይለኝም እናውቀዋለን፤ አራስ መርዶ አይነገራትም። ወተቷ ይደርቃል፣ ደሟ ይገነፍላል፣ አእምሮዋን የሳተችም አውቃለሁ። ወንድሟ ደግሞ በጀርባዋ ያሳደገችው ነው። ሄጄ ላርሳት ይገባኝ ነበር። ለማስታወቂያው ብዬ ነው ቀናት ያዘገየሁ።

ብድግ አልሁ። ማዶውን ሳይ ገበያተኛው ጭነቱን አንሥቶ ቁልቁል ወርዷል፤ ብጣራም አይሰማም።

«እማማ፣ አንዴ ብቻ እንድገመው፣ ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው» አለ ባለኮፍያው።

«ልጄን ሊገድሏት ነው» አልሁት።

ዞር ብሎ ለካሜራ ሠራተኛው «አታጥፋ፣ አታጥፋ» አለው። ማስመሰል መስሎታል። ካሜራውን በእጄ መዳፍ ከለልሁት። ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ የተንጫጫ።

የገባት ቀቢዋ ብቻ ነች። እሷም የልጅ እናት ነበረች። የምለውን ሁሉ ቁማ አዳመጠች፣ ከዚያ ለዘፋኙ «አራስ ልጅ አለቻቸው። ወንድምሽ ሞተ ሊሏት እየሄዱ ነው» አለችው።

«አልሞተም አይደል ግን?»

«ልጅቷ ይሄን በምን ታውቃለች?»

ባለኮፍያው «እሳቸው ከሄዱ የዛሬ ሥራችን ቀረ ማለት ነው» አለ። ዘፋኙም ከድንጋይ ላይ ቁጭ አለና «ይቅር። እኔ ያቺን ቁልቁለት ነገም እወርዳታለሁ፣ ለምጃታለሁ። አድርሷቸው» አለ። ስለሱ ሰው የሚለውን እሰማለሁ። እኔ የማውቀው ይሄን ነው።

ሾፌሩ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። እኔም መኪና ላይ ስወጣ ሁለተኛዬ ነው፤ እያስመለሰኝ፣ በመስኮት እያየሁ፣ ገበያተኛ ባየሁ ቁጥር «ቁም፣ ቁም» እለዋለሁ። ይቆማል። ወርጄ አያለሁ። እነሱ አይደሉም። መኪናው በጠመዝማዛው ሲዞር፣ ሰዎቹ በአቋራጭ ገደሉን እየወረዱ ነው። ደረቁ ወንዝ አፋፍ ላይ ስንደርስ መንገዱ አለቀ።

«ከዚህ ወዲያ ለፍየል ነው እንጂ ለመኪና አይሆንም እናቴ» አለ ሾፌሩ። «በእግር ስንት ይሆናል?»

«ለኔ ወይስ ለወሬ?» አልሁት። መልስ አልጠበቅሁም።

ቆላው ያቃጥላል። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ነው የወረድሁ። እሮጣለሁ፣ ትንፋሼ ሲያጥር እራመዳለሁ፣ ደግሞ እሮጣለሁ። «እመቤቴ ማርያም፣ አፋቸውን ያዥልኝ» እላለሁ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። መንገድ ላይ እንጨት የተሸከመች ሴት ወደ ላይ ስትወጣ አገኘሁ። ገና ሳልጠይቃት ፊቴን አይታ ሸክሟን ወረወረችና ደረቷን ልትመታ ስትል እጇን ያዝሁት።

«የልጄን ባል አክስት አላየሽም?»

«አልፋለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች ነው የምትሄድ። ወይኔ እቴ፣ እውነት ነው ለካ።»

እውነት አይደለም ብዬ ላስረዳት ጊዜ የለኝም። አልቆምሁም።

ከቁርቁራው ዛፍ ሥር አራት ገበያተኞች አረፍ ብለዋል። ስደርስ ሁሉም ተነሡ። አውቀውኛል፣ ካላወቁኝም ጉንጬ ነግሯቸዋል። ሁለቱ ወንዶች ከግራና ከቀኝ ክንዴን ያዙኝ። ጉልበት አይደለም፣ ደግነት ነው። መርዶ የደረሰበት ሰው ብቻውን ወደ ገደል አይለቀቅም፤ እኔም ስንቷን ሴት እንዲህ ይዤ አስቀምጫለሁ።

«ልቀቁኝ፣ ልጄ አልሞተም» አልሁ።

«እሺ፣ እሺ። ቁጭ በይ። ውኃ ቅመሽ» አሉኝ ከአራቱ አንዱ፣ ሽማግሌው።

«ለማስታወቂያ ነው ያለቀስሁት። ለአጎበር።»

ተያዩ። አብራቸው ያለችው ሴት ከንፈሯን መጠጠች። «አእምሮዋን ነካት» አለች በአገውኛ፣ እኔ የማልሰማ ይመስል።

«አልነካኝም። አልሞተም እኮ ነው የምልሽ» አልኋት በዚያው ቋንቋ።

ሽማግሌው በለዘበ ድምፅ «አለ ብሎ የነገረሽ ማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

ይሄን ምን ልመልስ? የነገረኝ የለም። ዓመት ሙሉ የነገረኝ የለም። የልጄ ድምፅ በካሴት ተቀድቶ የመጣልኝ የዚያን ዓመት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ቀን ከዛፉ ሥር ቆሜ ግን እኔና ሽማግሌው እኩል ነበርን። ምናልባት እውነታቸውን ነው አልሁ በሆዴ። ምናልባት አፌ ሳላውቅ እውነት ተናግሮ ይሆን አልሁ። ሲያስቀምጡኝ ተቀመጥሁ። እዚያው ደረቴን ልመታ እጄን አነሣሁ። እዚያች ላይ ብቆይ ኖሮ ሴቷንም ልጄን አጣኋት ነበር።

እጄ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ላብ ጉንጬን አርሶት ቀለሙ ወርዷል። ደም እንዲህ አይወርድም።

«ውኃ ስጡኝ» አልሁ።

ሽማግሌው ቅላቸውን ሲያቀብሉኝ አልጠጣሁም። መዳፌ ላይ አፍስሼ ፊቴን አሸሁት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። «ይኸው እዩት። የተነጨ ፊት በውኃ ይድናል? አንድ ጭረት ካገኛችሁ አስሩኝ።»

ሽማግሌው ተጠጉ። በአውራ ጣታቸው ጉንጬን ዳበሱት፣ ጣታቸውን አሸተቱት። «ቀለም ነው» አሉ። ከዚያ ተናደዱ። «ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? በሰው ልጅ ሞት ይቀለዳል? በጎህ?»

«ይራገሙኝ አባቴ፣ በኋላ ይራገሙኝ። አሁን አራሷ ዘንድ ያድርሱኝ።»

ከወንዶቹ አንዱ ድምፀ ነጎድጓድ ነበር። «ከዚህ አፋፍ ሆኜ ብጣራ ታች መንደር ይሰማል። ‹አልሞተም› ልበላቸው» አለና አፉ ላይ እጁን አጠፈ። ዘልዬ እጁን ጎተትሁት። አልሞተም የሚል ጩኸት ከሰማች ሞተ ያለው ማን ነው ትላለች አራሷ። ዝም ብሎ እግር ብቻ ነበር መፍትሔው። ሽማግሌው ብትራቸውን አነሡና «እኔ ምስክር እሆናለሁ፣ ብቻሽን ማንም አያምንሽም» ብለው ከፊቴ ቀደሙ። ከኔ ይፈጥኑ ነበር።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ደረስን። ከልጄ አጥር ውጭ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ሁሉ የተዘቀዘቀ ነው። ማንም አይተነፍስም። የባሏ አክስት መሐላቸው ነች፣ አፏን በነጠላ አፍናለች። ባሏ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆሟል። ከውስጥ የአማቷ ድምፅ ይሰማል፤ ሕፃኑን እሹሩሩ ትላለች፣ ከሚገባው በላይ እየጮኸች፣ የውጭው ኮሽታ እንዳይሰማ።

ከበሩ ስደርስ አማቷ ወጣችና ደረቷን ከደረቴ ገጥማ አቆመችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ዘመዴ፣ አፈር ስሆን ተመለሽ። እስከ አርባ ቀን ልንሸሽጋት ተማምለናል። አንቺ ገብተሽ ልትገድያት ነው?»

«ሰምታለች?»

«አልሰማችም። ከቀትር ጀምሮ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ እኮ።»

«አልሞተም» አልኋት በጆሮዋ። «ለማስታወቂያ ነው ያለቀስሁት። ሰዎች ካሜራ ይዘው መጥተው።»

ፊቴን አየችው። እንደ ገበያተኞቹ እሷም እንደማታምነኝ አወቅሁ። ሽማግሌው ቀረብ ብለው «እውነቷን ነው። ፊቷን በእጄ ዳብሼዋለሁ፣ ቀለም ነው። የሞተ የለም» አሏት። አማቷ ለረጅም ጊዜ ሁለታችንን አየችን። «እናንተ ሰዎች እኮ ጤና የላችሁም» አለችና ከበሩ ገለል አለች። ወደ ኋላ ዞር ብዬ ሳይ፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያቀኑ ነው። የባሏ አክስት ብቻ አላቀናችም፤ አሁን በእፎይታ ታለቅስ ነበር፣ የልጄ ባልም አፏን በእጁ ያዘላት።

ገባሁ። ልጄ ከመደቡ ላይ ጋደም ብላለች። ሕፃኑ ጡቷ ላይ ነው።

«እማ? ምነው እንዲህ ተቃጠልሽ? በደህና ነው?»

«ናፍቀሽኝ ነው። ፀሐዩ ነው።»

«ዛሬ ማንም ሊጠይቀኝ አልመጣም። እማማም ሕፃኑን በጩኸት አደነቆረችው» ብላ ስለ አማቷ ሳቀች። ግንባሯን ዳበስሁት፣ አይተኩስም። ልብሷን ገልጬ አየሁ፣ ደም የለም። ሕፃኑ ሲጠባ ወተቱ ከአፉ ጥግ ይተርፋል።

ከመደቡ ሥር ተቀመጥሁ። ልጄ አልሰማችም። ደህና ነች። ደርሼላታለሁ።